ጉማሬው ስንት ዶላር እንደከፈላችሁ አያውቅም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሽራ ደወለልኝ። ለጫጉላ ኬንያ ወዳለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ ወደ ማሳይ ማራ ሊሄዱ ነው። ማራ ወንዝ ዳር ያለ የሚያምር ካምፕ መርጠው፣ ከፍለው ጨርሰዋል። «እህቴ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለኝ። «አጥሩ የግንብ ነው የኤሌክትሪክ?»

«አጥር የለውም።»

ለአፍታ ዝም አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። መጣ። «ይህን ሁሉ ዶላር ከፍለን አጥር የለውም?»

የኛን ሰው ለጉብኝት ወደ ኬንያ መላክ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳውንም፣ ከአሜሪካና ከዱባይ መጥቶ እናት አባቱን ይዞ የሚሄደውንም አውቀዋለሁ። ይህቺን የአጥር ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ። ወደ አጥሩ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ።

«ሳፋሪ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ቲሸርት ይበቃል።» አይበቃም። ማራ ከባህር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና ስትወጡ ነፋሱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጋቢ ያዙ። የምሬን ነው። ጋቢ የያዙ ደንበኞቼን ፈረንጆቹ በቅናት ሲያዩአቸው አይቻለሁ።

«ድንኳን ነው አሉኝ።» አንዲት እናት ልጃቸው ሊወስዳቸው ሲል «ድንኳን ውስጥማ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ኖረናል፣ ለዚህ ዶላር ይከፈላል?» ብለውታል። ግድግዳው ሸራ ነው፤ ልክ ነው። ከዚያ ውጭ የእንጨት ወለል፣ ሰፊ አልጋ፣ የራሱ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ ሙቅ ውሃ አለው። ማታ ማታ ደግሞ ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ የጎማ ከረጢት አንሶላችሁ ውስጥ ያስቀምጡላችኋል። ይህን ቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው። እኚያው እናት ጨለማ ውስጥ እግራቸውን ሲዘረጉ ሞቅ ያለ፣ ጠጉራም ነገር ነካቸው። ጩኸታቸውን ማዶ ያለው ካምፕም ሳይሰማው አልቀረም።

«ሻንጣዬ 23 ኪሎ ይችላል።» እስከ ናይሮቢ ይችላል። እዚያው ናይሮቢ ካለው ከዊልሰን ኤርፖርት ወደ ማራ የምትበረው ትንሽ አውሮፕላን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈቅደው 15 ኪሎ ነው። ያውም ለስላሳ ቦርሳ እንጂ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ አይደለም። ፌስታል የሚባል ነገር ደግሞ ቤታችሁ ተዉ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ከልክላዋለች።

«የካምፑ ሂሳብ ሁሉንም ይሸፍናል።» አንዳንዱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ አይሸፍንም። የጥብቅ ስፍራው መግቢያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር፣ በቀሩት ወራት 100 ዶላር ሆኗል። ለአራት ሰው፣ ለሦስት ቀን አስሉት። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

«እኛ አፍሪካውያን ነን፣ ወባ አይደፍረንም።» ይቺ ታናድደኛለች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቃት በዜና ነው። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ የለባትም፤ ስለዚህ የነዋሪዋ ገላም ወባን አልለመደም። ቆላ ያደገም ቢሆን ለብዙ ዓመት ከራቀ የነበረው መከላከያ ይደክማል። ዲሲ 20 ዓመት ኖሮ «እኔ እኮ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ» የሚል ደንበኛ ነበረኝ። የአርባ ምንጭ ልጅ መሆን ክኒን አይተካም። ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ።

«በነሐሴ ከሄድኩ መንጋው ወንዙን ሲሻገር አያለሁ።» ልታዩ ትችላላችሁ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው የዊልደቢስት (ከብት የሚመስል የዱር እንስሳ) መንጋ አብዛኛውን ዓመት የሚያሳልፈው ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ ነው። በጥርና በየካቲት እዚያው ደቡቡ ላይ ይወልዳል። ማራ ውስጥ የሚገኘው በግርድፉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ግን የዊልደቢስት ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው የለም። አፋፉ ላይ ይሰበሰባል፣ ይገፋፋል፣ አንዱ ውሃ ይነካል፣ ከዚያ አንዲት የሜዳ አህያ ትደነብርና ሁሉም ወደኋላ ይሮጣል። ከዱባይ የመጣ አንድ ቤተሰብ አራት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ጠብቆ፣ ልጆቹ ሽንት ብለው ዞር ሲሉ ተሻገረ። እኔን ወቀሱኝ።

የሚሞተውም እንደሚወራው ሁሉ አዞ አፍ ውስጥ ገብቶ አይደለም። አብዛኛው የሚሞተው ሰጥሞና ተረጋግጦ ነው፤ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር። ይህን የምነግራችሁ ወንዝ ዳር ስለምታድሩ ነው። መንጋው በሚሻገርበት ወቅት፣ ነፋሱ ከወንዙ ሲመጣ፣ ይሸታል። ብሮሹሩ ላይ ሽታ አይታተምም።

ጦጣ ዚፕ መክፈት አይችልም የምትሉ ደግሞ ዳቦ ቆሏችሁን ድንኳን ውስጥ አስቀምጡና እዩት።

አሁን ወደ አጥሩ።

ካምፕ አጥር የሌለው ባለቤቱ ስለቆጠበ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ካምፑ በተወደደ ቁጥር አጥሩ ይጠፋል። የምትከፍሉት ለዚያ ነው። በሽቦ የታጠሩ ትልልቅ ሎጆች አሉ፤ የሚፈራ ሰው ቢጠይቀኝ በደስታ እዚያ እይዝለታለሁ። ግን ወንዝ ዳር ማደር ፈልጎ አጥር መጠየቅ አይሄድም። ምክንያቱም ወንዙ ባለቤት አለው። ጉማሬ ይባላል።

እዚህ ጋ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ «ጉማሬ እኮ ሣር በል ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል?» ጫሞ ላይ በጀልባ ሆኖ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሰነፍ ይመስላል። የጣና ዓሣ አጥማጅ ግን እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አያቶቻችንም ቢሆኑ ጉማሬን በደግ አያነሱትም፤ ከቆዳው የሚሠራውን አለንጋ ራሱን «ጉማሬ» ብለውታልና። የሚገርመው በስዋሂሊም እንደዚያው ነው። «ኪቦኮ» ጉማሬም ነው፣ አለንጋም ነው።

አዎ፣ ሣር በል ነው። አንድ ሌሊት 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ያጭዳል። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ሣሩ ውሃ ውስጥ የለም። ቀን ቀን ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ወንዝ ውስጥ ይተኛል። ሲመሽ ይወጣና ሣር ፍለጋ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች። የሚሄደው ደግሞ በለመደው መንገድ ነው። ያቺ መንገድ ከናንተ ድንኳንና ከምግብ አዳራሹ መሃል ልታልፍ ትችላለች። ካምፑ ሳይመጣ በፊትም እዚያው ነበረች።

ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከታች ያሉት ጥርሶቹ ግማሽ ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። ሊበላችሁ ፈልጎ አይደለም። ሲደነግጥ የሚያውቀው መሸሸጊያ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ውሃ። በሱና በውሃው መካከል የቆመ ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። ግልገል ያላት ከሆነችማ አትጠይቁኝ። በዓመት ይህን ያህል ሰው ይገድላል እየተባለ በየቦታው የሚዞረውን ቁጥር እኔ አልደግመውም፣ አብዛኛው ግምት ነው። የሚጎዱት ግን በአብዛኛው ቱሪስቶች አይደሉም። ዓሣ አጥማጆች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ማሳቸውን በሌሊት የሚጠብቁ ገበሬዎች ናቸው። ቱሪስቱ የሚተርፈው ደግሞ ጉማሬው ስለሚያከብረው አይደለም። አስካሪ ስላለ ነው።

አስካሪ ማለት የካምፑ ጥበቃ ነው። ቃሉን በጣሊያን ጊዜ ታሪክ እናውቀዋለን፣ ምንጩ ዓረብኛ ነው። ከመሸ በኋላ ከድንኳናችሁ ወደ እራት፣ ከእራት ወደ ድንኳን የሚያደርሳችሁ እሱ ነው። ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ያደጉ ማሳዮች ናቸው። ባትሪውን እግሩ ሥር አያበራም፤ ራቅ አድርጎ ግራ ቀኝ ይጠርጋል። የሚፈልገው ዓይን ነው። ሽታ ይሰማል፣ ዝምታ ይሰማል። እኛ ደግሞ ምን እንላለን? «ሃምሳ ሜትር እኮ ነው፣ ስልኬ ባትሪ አለው።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ልጆቻቸው ላኩዋቸው። የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እራት ላይ መነጽራቸው ትዝ አላቸው። አስካሪው ሌላ እንግዳ ሊያደርስ ሄዷል። ብቻቸውን ተነሱ። በመንገዱ አጋማሽ ላይ ቀን ያላዩት ትልቅ ድንጋይ አዩ። «እንዴት ሳላየው ቀረሁ ብዬ ጠጋ አልኩ» አሉኝ በኋላ። ድንጋዩ አናፋ።

ግራር ተደግፈው ቆሙ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አያውቁም። አስካሪው ከሩቅ በባትሪ አያቸውና አንዲት ቃል ብቻ በቀስታ ተናገረ፦ «ሱቢሪ።» ጠብቅ ማለት ነው። ጋሼ ስዋሂሊ አያውቁም፣ ግን ያን ማታ ገባቸው። ጉማሬው ሣሩን እየነጨ ቀስ ብሎ አለፈ። «እህል ቅመሱ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል» አሉ። አሁን ለሚያገኙት ሁሉ ስለ አስካሪ የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው፤ ሥራዬን አቅልለውልኛል።

እንግዲህ ስሙኝ። ሲመሽ ብቻችሁን አትንቀሳቀሱ፣ አሥር እርምጃም ቢሆን። ድንኳኑ ውስጥ ፊሽካ ወይም ሬዲዮ አለ፤ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱ የት እንዳለ ይሁን፣ ዋይፋዩን በኋላ። ቀንም ቢሆን ፎቶ ብላችሁ ወደ ወንዙ አፋፍ አትውረዱ። አዞውም እዚያው ነው፣ እሱ ደግሞ ሣር በል አይደለም። ዚፑን እስከ ታች ዝጉ። «አንበሳ ሸራውን ቀዶ ቢገባስ?» የሚለኝ አለ። አንበሳ የተዘጋ ድንኳንን እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያየው፣ ዞሮት ይሄዳል። ክፍት በር ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆች ካሉ ከመክፈላችሁ በፊት የዕድሜ ገደቡን ጠይቁ፤ ብዙ ካምፖች ትንንሽ ልጅ የማይቀበሉት ለዚሁ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ግን አታስቡ። ያን ድምፅ ሰምቶ ተገላብጦ የሚተኛ እንግዳ የኛ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ፣ አሳጥሬም ቢሆን፣ ለሙሽራው በስልክ ነገርኩት። አዳመጠ። ሚስቱ አጠገቡ ሆና በሹክሹክታ የሆነ ነገር ስትለው ይሰማኛል።

«እሺ እህቴ፣ ገባኝ» አለ። «እንግዲያውስ ከወንዙ ራቅ ያለውን ድንኳን ያዢልን።»

«ሣሩ ያለው እኮ እዚያ ነው» አልኩት።