ሌየር ምንድን ነው? ከደሴ ቁልቁል የሚታየውን በታብሌት ለሚስሉ

ሌየር ማለት ቀለም እስኪነካው ድረስ የማይታይ ስስ የሥዕል ንጣፍ ሲሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ለተመልካቹ እንደ አንድ ሥዕል ይታያል። ቃሉ በኮምፒውተር ሥዕል ዘንድ በሰፊው የታወቀው ፎቶሾፕ በ1994 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ካስገባው ወዲህ ነው። ነገሩ ነጠላን በነጠላ ላይ ከመደረብ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ ብቻ ሲሆን ከሥሩ ያለው በስሱ ይታያል፣ እጥፉ ሲበዛ ግን ይሸፈናል። የአንድን ሌየር መሸፈን ወይም ማሳየት የሚወስነው ኦፓሲቲ የሚባለው መጠን ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር ማለዳ ላይ መቆም ይበቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች፣ ቅርብ ካለው ባሕር ዛፍ ጀምሮ ሸንተረሩ በሸንተረር ላይ ተደራርቦ ይታያል። በመካከል ያለው አየር ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትን፣ ተራሮቹ እየራቁ በሄዱ ቁጥር አረንጓዴነታቸው እየደበዘዘ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ስለዚህ ሰማዩን ከሁሉም ሥር፣ እያንዳንዱን ሸንተረር ደግሞ በየራሱ ሌየር ላይ፣ ሩቁን ከታች ቅርቡን ከላይ አድርጎ መሳል ተገቢ ነው። በሁለት ሸንተረሮች መካከል ባዶ ሌየር ከፍተው፣ ስታይለሱን (የታብሌቱን ብዕር) ሳይጫኑ በለስላሳ ብሩሽ ነጣ ያለ ሰማያዊ አሻሽተው ኦፓሲቲውን ወደ 20 በመቶ ሲያወርዱት፣ ጉሙ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። እኔ በዲጂታል ሥዕል ከሁሉ የምወደው ይህችን ቅጽበት ነው።

ብርሃኑንም መለወጥ ይቻላል። የጦሳ ተራራ ከደሴ በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፊቱ ይበራል፣ ፀሐይ ከኋላው ስትጠልቅ ደግሞ ይጠቁራል። የጠዋቱን ሥዕል ሳይነኩ በተራራው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ሌየር ደርቦ መልቲፕላይ በሚባለው፣ ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው የማዋሃጃ ስልት ላይ ማድረግ ተራራውን የምሽት ያስመስለዋል፤ ካላማረ በሌየሩ ስም አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ነክቶ መደበቅ ነው።

ይሁን እንጂ ሌየር የታብሌቱን የማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ ይበላል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተከፈተ የኤ4 ገጽ 2,480 በ3,508 ፒክስል ስለሆነ፣ ሙሉው የተቀባ አንድ ሌየር ወደ 35 ሜጋባይት ሊይዝ ይችላል፤ ለጀማሪ ከአምስት እስከ ሰባት ሌየር የሚበቃ ይመስለኛል።

ሥዕሉ የሚቀመጥበት ፋይልም ወሳኝ ነው። ጄፔግ ሌየሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ስለሚያዋህድ፣ ከእሱ በፊት ሌየሮቹን ለይቶ በሚያስቀምጠው የፎቶሾፕ ፋይል በፒኤስዲ ወይም በመተግበሪያው በራሱ ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን የጦሳ ሥዕሌን በጄፔግ ብቻ አስቀምጬ ነበር። በማግስቱ ፊት ለፊት የቆመውን ባሕር ዛፍ ላነሳ ስሞክር፣ ከጀርባው የሳልኩት ሸንተረር አብሮ ተነሣ።