ልጅን የማሳደግ አደራ በመሀል አዲስ አበባ

መሀል አዲስ አበባ «ሞግዚት» ሲባል የምትታሰበው እናት ሥራ ስትውል ልጅ የምትይዘው ሠራተኛ ናት። ሕጉ ግን ቃሉን ለሌላ ነገር ይጠቀምበታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የልጁን ደኅንነት የሚጠብቀው «አሳዳሪ» ነው። «ሞግዚት» ደግሞ ንብረቱን ይጠብቅለታል። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ሁለቱንም የሚሆኑት እናትና አባት ናቸው። እነሱ ከሌሉና በኑዛዜ የመረጡት ሰው ከሌለ፣ ኃላፊነቱ ለአያቶች፣ ከዚያ ለአካለ መጠን ለደረሱ ወንድምና እህት፣ ቀጥሎ ለአጎትና አክስት ይሄዳል። የሁሉም መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው። ሕፃን ወላጆቹን ወይም ሕጋዊ አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነሱን ክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል።

በዝርዝሩ ውስጥ ጎረቤት የለም። ፒያሳና ልደታ ላይ ግን ስንቱን ልጅ ያሳደገው ጎረቤት ነው። እናት ጉሊት ስትወጣ «አደራ፣ እያየሽልኝ» ትላለች፤ አለቀ። ጎረቤቷ ለልጆቿ ስታጎርስ እሱንም ታጎርሰዋለች። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ የሚገባው እሷ ቤት ነው። ኩርኩምም ነበር፤ እሱ እንኳን ባይመለስ ይሻላል። የልደታ መንደሮች ለኮንዶሚኒየም፣ የፒያሳዎቹ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ እነዚህ ጎረቤታሞች ተበታተኑ። እናቲቱ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ቆልፋ ልጁን ለማን ትስጠው?

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ (1064/2010) መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ጉሊት ለምትውለው ግን አልደረሳትም። ልጅ ጥቃት ከደረሰበት ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናና የፖሊስ አገልግሎት በአንድ ቦታ ያገኛል። ልደታ ባለው ፍርድ ቤት ደግሞ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ፣ ከሌላ ክፍል በካሜራ ቃሉን ይሰጣል። የውጭ አገር ጉዲፈቻም በ2010 ዓ.ም. ተከልክሏል።

አሁን ወደ ሠራተኛዋ እንመለስ። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ራሷም ገና ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ቢያደርገውም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ሕፃን አዝላ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ አያታለሁ። አንቀጽ 36 ለእሷም ነው የተጻፈው። የቀጠራት ቤተሰብ ማታ ትምህርት ቤት ካስገባት፣ ስትታመም ካሳከማት፣ ለእናቷ ካስደወላት አሳዳጊዋ ሆኗል።