የትኬት ዳግም ሽያጭ ምንድን ነው? በእንግሊዝ እግር ኳስ ወንጀል የሚሆነውስ መቼ ነው?

ለአንድ ጨዋታ የተገዛ የስታዲየም ትኬት ከገዢው እጅ ወጥቶ በገንዘብ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ድርጊቱ ዳግም ሽያጭ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በመጥፎ ስሙ ነው፤ ትኬት አስቀድሞ ሰብስቦ ሰው ሲቸገር በእጥፍ የሚሸጠውን ሰው እኛ የአየር በአየር ነጋዴ እንለዋለን፣ እንግሊዞች ደግሞ ታውት ይሉታል። ጥፋቱም ዋጋውን መቆለሉ ይመስለናል። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ግን ወደ እግር ኳስ ሲመጣ ስለ ዋጋው አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሻጩ ፈቃድ ነበረው ወይ ብሎ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው፣ በተለይም ገንዘብ አጠራቅሞ አንድ ጨዋታ ለማየት ከሩቅ አገር ወደ ለንደን ወይም ወደ ሊቨርፑል የሚጓዝ ደጋፊ፣ የማይሠራ ትኬት ይዞ በር ላይ ሊቀር ይችላል።

ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት አዋጅ ሲሆን ጉዳዩን የያዘው አንቀጽ 166 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ከጨዋታው አዘጋጅ የጽሑፍ ፈቃድ የሌለው ሰው አዋጁ ለሚመለከታቸው የእግር ኳስ ጨዋታዎች ትኬት ቢሸጥ ወይም በሌላ መንገድ ለሰው ቢያስተላልፍ ወንጀል ይሆንበታል። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አንቀጹ መጀመሪያ ሲወጣ በዋናነት ያነጣጠረው በአደባባይ ወይም በንግድ መልክ በሚደረግ ሽያጭ ላይ ነበር፤ ኢንተርኔት ገበያውን ከስታዲየም በር ወደ ስልክ ሲያዛውረው እ.ኤ.አ. በ2006 ተሻሽሎ ትኬት እንደሚሸጥ ማስተዋወቅን ጭምር እንዲያቅፍ ተደረገ። ሌላው ቀርቶ አንድ ሰው ስካርፍ በውድ ሸጦ ትኬቱን ምራቂ አድርጎ ቢሰጥ ያው እንደ ሽያጭ ይቆጠርበታል። ዋጋው ስላልተጠየቀ፣ ፈቃድ ሳይኖረው በገዛበት ዋጋ ወይም ከዚያም በታች የሸጠ ሰው ከሕጉ አያመልጥም።

ኮንሰርትንና ቴአትርን የማይመለከት እንዲህ ያለ ጥብቅ ክልከላ በእግር ኳስ ላይ ብቻ ለምን ወጣ? መልሱ ያለው በስታዲየም ደህንነት ታሪክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ በሚገኘው የሂልስቦሮ ስታዲየም ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ በተፈጠረው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ ለአደጋው ደጋፊዎቹ ተጠያቂ እንዳልነበሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቀው የአሟሟት ምርመራ ችሎት ወስኗል፤ ትኬት አዟሪዎችም የአደጋው መንስኤ አልነበሩም። ነገር ግን አደጋውን እንዲያጣሩ የተሾሙት ዳኛ ሎርድ ቴይለር በ1990 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ስለ ስታዲየም ደህንነት ባጠቃላይ ሲመክሩ፣ ሁሉም ተመልካች በወንበር እንዲቀመጥ ከጠየቁበት ሐሳብ ጋር ያለፈቃድ ትኬት መሸጥ ወንጀል እንዲሆንም አሳስበዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ ስታዲየሞች የባለሜዳውና የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ የእንግዳው ቡድን ክለብ የተመደበለትን ትኬት ለራሱ ደጋፊዎች ይሸጣል፣ ፖሊስና አስተናጋጆችም ጥበቃቸውን የሚያቅዱት በዚህ አከፋፈል ላይ ተመሥርተው ነው። መንገድ ላይ የቆመ ትኬት አዟሪ ግን ገዢው የማን ደጋፊ እንደሆነ አይጠይቅም። የሊቨርፑል ደጋፊ ከእሱ የገዛውን ትኬት ይዞ በአርሰናል ደጋፊዎች መካከል ሲቀመጥና ቡድኑ ጎል ሲያገባ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ለዚህም ነው ሕጉ የሸማችን ኪስ ከመጠበቅ ይልቅ የሕዝብን ሰላም መጠበቅን ያስቀደመው። ብዙ ደጋፊዎች ሕጉን እንደ ክለቦች ጥቅም ማስጠበቂያ ብቻ ማየታቸው አመጣጡን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

ይህ ማለት ግን ትኬትን መልሶ መሸጥ ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በውድድር ዘመኑ ከሚያደርጋቸው 38 የሊግ ጨዋታዎች 19ኙን የሚጫወተው በሜዳው ነው፤ የውድድር ዘመኑን ትኬት የገዛ ደጋፊ ደግሞ ሥራ፣ ሕመም ወይም ሐዘን ያጋጥመውና አንዳንዱን ይቀራል። ክለቦቹ ለዚህ የራሳቸውን የትኬት መለዋወጫ አዘጋጅተዋል። የማይመጣው ሰው ወንበሩን ለክለቡ ይመልሳል፣ ክለቡ ራሱ በወሰነው ዋጋ ለሌላ አባል ይሸጠዋል፣ ለባለ ወንበሩም የዚያን አንድ ጨዋታ ድርሻ ያስብለታል። አንዳንድ ክለቦች በደንባቸው መሠረት ትኬቱን በመተግበሪያቸው በኩል ለወዳጅ ወይም ለቤተሰብ እንዲተላለፍም ይፈቅዳሉ።

ነገሩ በፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ አንድ ደካማ ጎን አለው። ክለቡ ከፈቀደ በውድ መሸጥም ሕጋዊ ይሆናል። ቶተንሃም ሆትስፐር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ስታብሃብ የተባለውን ድርጅት ይፋዊ የዳግም ሽያጭ አጋሩ አድርጎት ነበር፤ እዚያ ሻጮች ከመነሻው በላይ ዋጋ ማውጣት ይችሉ ስለነበር የክለቡ የደጋፊዎች ማኅበር አጥብቆ ተቃወመው፣ ስምምነቱም በኋላ አበቃ። በእኔ እምነት ማኅበሩ ትክክል ነበር። ለደህንነት ሲባል ከደጋፊው የተነጠቀ መብት ለክለቡ አጋር የትርፍ በር ሊሆን አይገባውም ነበር።

የዛሬው አየር በአየር ነጋዴ እንደ ድሮው ስታዲየም በር ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። በተለያዩ ሰዎች ስም ትኬት ለመግዛት የሚያበቃ የክለብ አባልነት በብዛት ይገዛል፣ በእነዚያ ስሞች ክለቡ ትኬት በሚያከፋፍልበት ዕጣ ይገባል፣ የደረሰውንም ትኬት ከብሪታንያ ውጭ በተመዘገቡ ድረ ገጾች ላይ ያወጣዋል። ትኬቱ ዛሬ ወረቀት ስላልሆነ ገዢው የሚደርሰው ወደ ስልኩ የሚጫን ማለፊያ ወይም የሌላ ሰው የአባልነት መለያ ነው። በእጁ የሌለውን ትኬት አስቀድሞ የሚሸጥም አለ፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ እስከ ጨዋታው ቀን ይጠብቅና ምንም ሳይላክለት ይቀራል። ፖሊስ በውጭ አገር ያለን ሻጭ መያዝ ስለሚቸግረው ሕጉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ሆኖ በተግባር የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ሻጭ የገንዘብ መቀጮ የሚጣልበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመቀጮው ጣሪያ ተነሥቷል። ፍርድ ቤቱ ከዚህም አልፎ ከ3 እስከ 5 ዓመት ወደ ጨዋታዎች እንዳይገባ ሊያግደው ይችላል። አንቀጽ 166 የሚቀጣው ሻጩን ነው፤ መግዛትን በራሱ ወንጀል አያደርገውም። ሆኖም ክለቡ ያለፈቃድ የተላለፈን ትኬት ሊሰርዘው፣ የያዘውንም ሰው ከበር ሊመልሰው ወይም ከገባ በኋላ ሊያስወጣው ይችላል።

እንግዲህ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አንድ ጨዋታ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመር ያለበት በራሱ ስም የክለቡን አባልነት በመግዛት ነው። 60,704 ወንበር ባለው የአርሰናል ስታዲየም እንኳ ፈላጊው ከቦታው ስለሚበልጥ ትኬት የሚከፋፈለው በዕጣ ጭምር ነው፤ ዕጣ ያልወጣለት አባል ፊቱን ወደ ክለቡ መለዋወጫ ያዞራል። የጨዋታ ቀንና ሰዓት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ሲባል ስለሚቀየር የአውሮፕላን ትኬቱን ቀኑ ከመረጋገጡ በፊት መቁረጥ ለኪሳራ ይዳርጋል። በመለዋወጫው ላይ የሚወጡት ወንበሮች በአብዛኛው ነጠላ ነጠላ ናቸው፤ ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ተለያይተው ለመቀመጥ ካልተስማሙ ዕድላቸው በእጅጉ ይጠባል።