ኮዱ የት ሄደ? ስለ ዎርኪንግ ሜሞሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስልኬ ላይ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ገባ፤ 407192። ላፕቶፑ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። «አራት መቶ ሰባት፣ መቶ ዘጠና ሁለት፤ አራት መቶ ሰባት፣ መቶ ዘጠና ሁለት» እያልኩ ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። አጠገቤ ያለው ሰው «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። «ለአሥር ሩብ ጉዳይ» ብዬ መለስኩለት። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። አራት መቶ... ከዚያ ወዲያ ባዶ።

«ጭንቅላቴ ተበላሽቷል» አልኩ። እናንተም ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ግን የተበላሸ ነገር አልነበረም። ነገርየው ሲሠራ ልክ እንደዚህ ነው።

ዎርኪንግ ሜሞሪ ይባላል፤ በአማርኛ «የሥራ ትውስታ» የሚሉትም አሉ። አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ የምናስብበትን ነገር ለሥራው ያህል ይዞ የሚያቆይልን ችሎታ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ መነሻውን ሳትለቁ መጨረሻው ላይ የምትደርሱት በእሱ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ብዙው ግን ወይ ያረጀ ነው ወይ የተጋነነ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

«ያው የአጭር ጊዜ ትውስታ ማለት አይደል?»

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። እስቲ እነዚህን አንብቡና ዓይናችሁን አንሱ፤ 3 8 5 1 9። እንዳሉ መድገም ቀላል ነው። አሁን ደግሞ ሳታዩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሯቸው። ግንባራችሁ ቋጠር አላለም? የመጀመሪያው መያዝ ብቻ ነበር። ሁለተኛው እየያዙ መሥራት ነው። የአጭር ጊዜ ትውስታ የሚባለው መያዙ ሲሆን ዎርኪንግ ሜሞሪ መያዙንም ሥራውንም ያጠቃልላል።

አላን ባድሊ እና ግራሃም ሂች የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሳይኮሎጂስቶች በ1974 ይህን ፈትነው ነበር። ሰዎችን ስድስት አኃዝ አስይዘው የማመዛዘን ጥያቄ ሰጧቸው። ትውስታው አንድ ሣጥን ብቻ ቢሆን ኖሮ አኃዞቹ ሞልተውት ሰዎቹ ማሰብ ባቃታቸው ነበር። አላቃታቸውም። ዘገዩ እንጂ ሠሩት። ስለዚህ ሁለቱ «ይህ ነገር ክፍሎች አሉት» አሉ። አንዱ በድምፅ እየደጋገመ ይይዛል። አንዱ ምስልንና ቦታን ይይዛል። ከሁለቱ በላይ ትኩረትን የሚያከፋፍል አለቃ አለ። ባድሊ በ2000 አራተኛ ክፍል ጨመረ፤ ከድምፁ፣ ከምስሉና ከድሮ እውቀታችን የሚመጣውን አንድ ላይ የሚያያይዝ።

እውነቱን ለመናገር አለቃው እኔን ብዙም አያጠግበኝም። «ማን ወሰነ?» ሲባል «አለቃው» ማለት መልስ ሳይሆን ጥያቄውን ማስተላለፍ ነው። ባድሊም ይህን ድክመት አልደበቀም። ክፍሎቹ ግን ሥራ ላይ ይታያሉ። በወረቀት ሳይሆን በቃላችሁ 47ን በ6 አባዙ። 40 በ6፣ 240። ያዟት። 7 በ6፣ 42። በሉ አሁን ያችን 240 አምጧት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው። ማባዛት ስለማይችል አይደለም። 42ን እስኪያገኝ ድረስ 240 ከእጁ ስላመለጠችው ነው። ካላመለጠቻችሁ መልሱ 282 ነው።

«ሰባት ነገር ይይዛል»

ይህቺ ሰባት የመጣችው ከአሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር ነው። በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ሰምቶ ወዲያው የሚደግመው ሰባት ያህል ነገር ነው፣ ሁለት ቢጨምር ሁለት ቢቀንስ ነው አለ። ቁጥሯ ጣመች መሰለኝ፣ ሥልጠናው ላይም ስላይዱ ላይም ገባች። ሚለር ራሱ ግን ጽሑፉን ሲዘጋ የሰባት በየቦታው መደጋገም ተራ መገጣጠም ሳይሆን እንደማይቀር ጠቁሟል። ያቺን መስመር የሚጠቅስ ጥቂት ነው።

ኔልሰን ካዋን በ2001 የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ሰው ውስጥ ውስጡን እንዳይደጋግምና ነገሮቹን እንዳያቧድን ሲደረግ ቁጥሩ ወደ አራት ይወርዳል። ከሦስት እስከ አምስት በሉት።

አራት ምን? ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። እነዚህን ሰባት ፊደላት አንዴ አይታችሁ ያዙ፤ ህ ት ቤ ር ት ም ት። ያስቸግራል። አሁን ደግሞ «ትምህርት ቤት» የሚለውን ያዙ። ፊደላቱ ያው ሰባቱ ናቸው፣ አንድም አልነካሁም፣ ቦታቸውን ብቻ መለስኩላቸው። ሰባት የነበረው አንድ ሆነ። ስለዚህ የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ጥቅሉ ነው። ጥቅሉን የምንሠራው ደግሞ ድሮ ከምናውቀው ነው።

ዊሊያም ቼዝ እና ኸርበርት ሳይመን በ1973 ይህን በቼዝ ጨዋታ አሳዩ። (አጥኚው ስሙም ቼዝ መሆኑ የአጋጣሚ ቀልድ ነው።) ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ብቻ ሲታይ፣ ቼዝ አዋቂው ከጀማሪው እጅግ የበለጠ ጠጠር ቦታው ላይ መለሰ። ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ያ ብልጫው ጠፋ። የተለየ ጭንቅላት ስለተሰጠው ሳይሆን ሰሌዳው ላይ የሚያውቃቸው ቅርጾች ስለነበሩ ነው።

«ያነበብነውን በምስል ነው የምንይዘው»

ፊደል በዓይን ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ግን በድምፅ ነው። ኮንራድ በ1964 የእንግሊዝኛ ፊደላትን ለሰዎች አሳይቶ ሲጠይቃቸው፣ የተሳሳቱት በመልክ የሚመሳሰሉትን አልነበረም። በድምፅ የሚመሳሰሉትን ነበር፤ «ቢ»ን ከ«ቪ» እንደማምታታት ማለት ነው። እኛ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉን። ከአንድ ገጽ ላይ «ሠዓሊ» አይታችሁ ወዲያው «ሰአሊ» ብትጽፉ አትደንግጡ። ውስጣችሁ ያለው ድምፅ ሠን ከሰ አይለይም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ በዚህ ድምፅ የሚያዘው፣ በግምት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ልንለው የምንችለውን ያህል ነው። ለዚህ ነው ረጃጅም ቃላት ሲደረደሩ ቶሎ የሚያመልጡን።

«መጀመሪያ እዚህ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ቋሚው ያልፋል»

በ1960ዎቹ የነበረው ሥዕል እንደዚህ ነበር። የአጭር ጊዜው ትውስታ በር ነው፤ ወደ ረጅም ጊዜው የሚያልፈው ሁሉ በእሱ ያልፋል። በሩ ከተበላሸ ቤቱ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሰዎች መጡና ነገሩን አበላሹት።

አንደኛው ሄንሪ ሞሌሰን ነው። የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ በ1953 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍልና በዙሪያው ያለው ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው ተነሣለት። ከዚያ በኋላ በ2008 እስኪሞት ድረስ የሚያገኛቸውን አዳዲስ ሰዎች መልመድ አልቻለም። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ። ቁጥር ጠርታችሁ «ድገም» ብትሉት ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይደግማል። ወሬ ይከታተላል፣ ይመልሳል። የአሁኑን ይይዛል፣ አዲስ ነገር ግን አይቆይለትም።

ሁለተኛው ተገላቢጦሹ ነው። በጥናት ጽሑፎች ላይ ኬ. ኤፍ. ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ኤልሳቤት ዋሪንግተን እና ቲም ሻሊስ በ1969 ስለ እሱ ጻፉ። በሞተር ሳይክል አደጋ አንጎሉ ተጎድቷል። ቁጥር ሲጠራለት ከአንድ ወይም ሁለት አኃዝ በላይ መድገም አይችልም። በሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ግን አዲስ ነገር ይማር ነበር፣ የተማረውም ይቆይ ነበር። ይህ እንግዲህ በበሩ ሐሳብ ሊገለጽ አይችልም። እኔ ስለ ትውስታ ካነበብኩት ሁሉ እንደነዚህ ሁለት ሰዎች ያስደነቀኝ የለም። እርስ በርስ ሳይተዋወቁ አንዱ የሌላውን ግማሽ አስረዳ።

«ጊዜ ሲያልፍ ይተናል»

ባልና ሚስቱ ሎይድ እና ማርጋሬት ፒተርሰን በ1959 ለሰዎች ሦስት ተነባቢ ፊደላት ሰጥተው፣ ፊደላቱን እንዳይደጋግሙ ከአንድ ቁጥር ተነሥተው ሦስት ሦስት እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ አደረጉ። ከ18 ሰከንድ በኋላ በትክክል የተመለሰው ከ10 በመቶ በታች ነበር። «አያችሁ፣ ተነነ!» ተባለ።

ኬፔል እና አንደርውድ ግን በ1962 አንድ ብልህ ጥያቄ አመጡ። የመጀመሪያው ዙር ላይስ? ለካ ሰው ገና ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት ሌላ ፊደል ሳይሰጠው፣ ብዙም አይረሳም። መርሳቱ የሚብሰው ዙሩ ሲደጋገም ነው። የአሁኑ ከቀደመው ጋር እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው። ጊዜ ለብቻውም ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ክርክር እስካሁን አላበቃም። መደባለቅ እንደሚጎዳ ግን የሚጠራጠር የለም።

የእኔን ኮድ ተመልከቱት። የጠፋው አሥር ሰከንድ ስላለፈ አይመስለኝም። ውስጤ «አራት መቶ ሰባት» እያለ የሚደጋግመው ድምፅ «ለአሥር ሩብ ጉዳይ» እንዲል ተገደደ። ቁጥር በቁጥር ላይ፣ ያውም በአንድ አፍ። ሰውየው ሰዓት ከሚጠይቀኝ ፎቶ ቢያሳየኝ ኖሮ ኮዱ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።

«ጌም እየተጫወቱ ማስፋት ይቻላል»

ይሄኛው ገንዘብ የሚያስወጣው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ልምምድ ይሠራል፣ ያውም በጣም። ኤስ. ኤፍ. የተባለ አሜሪካዊ የኮሌጅ ተማሪ ለ20 ወር ያህል፣ በድምሩ ከ230 ሰዓት በላይ፣ እየተነበበለት አኃዝ ሲደግም ከረመ። ሲጀምር እንደማንኛችንም ሰባት ይይዝ ነበር። ሲጨርስ 79 ደረሰ። ውጤቱ በ1980 ታተመ። ታዲያ ሰፋ አትሉም?

ልጁ ሯጭ ነበር። 3492 ሲሰማ አራት አኃዝ አይደለም የሚሰማው። 3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ ነው፤ በጊዜው ለነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የቀረበ የአንድ ማይል ሩጫ። አራቱ አኃዝ ለእሱ አንድ ጥቅል ሆነ። ለሩጫ የማይመቹትን በዕድሜ ይተረጉማቸው ነበር። ከዚያ በአኃዝ ፋንታ ፊደል ሰጡት። ስድስት አካባቢ ላይ ቀረ! ጥቅል የመሥራት ጥበብ አዳበረ እንጂ ዎርኪንግ ሜሞሪው አንድ ስንዝር አልሰፋም።

የኮምፒውተር ልምምዶቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ልምምዱ ጠቅላላ የማሰብ ችሎታን ያሳድጋል ብሎ ብዙ ተስፋ ዘራ። በኋላ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ግን ሰዎች የተለማመዱትን ዓይነት ሥራ ማሻሻላቸው ታየ፤ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ንባብ፣ ወደ ጠቅላላ ብልህነት መሻገሩ ግን አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ሉሞሲቲ የተባሉትን የአንጎል ማሠልጠኛ ጌሞች የሚያቀርበው ድርጅትም በ2016 ጌሞቹ ያመጣሉ ስላለው ጥቅም ተገልጋይን አሳስቷል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከስሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጌሙ ደስ ካላችሁ ተጫወቱ። እኔም እጫወታለሁ።

«እኔ ሁለት ነገር ባንዴ መሥራት እችላለሁ»

እየሄዱ ማውራት ይቻላል፤ መሄድ ብዙ ትኩረት አይጠይቅም። ሁለቱም ትኩረት ሲጠይቁ ግን የምናደርገው መመላለስ ነው፣ በተመላለስን ቁጥር ደግሞ ጥቂት ጊዜና ጥቂት ስህተት እንከፍላለን። ስትሬየር እና ጆንስተን በ2001 ሰዎች የማሽከርከር ዓይነት ሥራ እየሠሩ ስልክ እንዲያወሩ አደረጉ። የትራፊክ ምልክት የሚመስሉትን መብራቶች የሳቱት በዛ። ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝ ለውጥ አላመጣም። የተያዘው እጃቸው አልነበረም።

«ልጁ ሆን ብሎ ነው የማይሰማው»

ይሄ በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ ጥፊና ስድብ ያስከተለ ስህተት ነው። አባት በር ላይ ቆሞ «ቦርሳህን አስቀምጥ፣ ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ደብተርህን ይዘህ ና» ይላል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ቦርሳውን ያስቀምጣል። ጫማውን ለማውለቅ ይቀመጣል፣ የጫማው ክር ይቋጠርበታል፣ ከክሩ ጋር ይታገላል። ሲጨርስ ክፍሉ መሃል ቆሞ ዙሪያውን ያያል። «አትሰማም እንዴ?» ይባላል። ሰምቷል። ዎርኪንግ ሜሞሪ እስከ ጉርምስና ድረስ፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ የሚይዘው ከትልቅ ሰው ያንሳል። እጅ መታጠቡንና ደብተሩን ያ ክር በልቷቸዋል።

እንዲያውም አራቱን ትእዛዝ ያወጣው አባት ራሱ በመሃል ስልክ ቢደወልለት፣ ሦስተኛው ምን እንደነበር ለማስታወስ ሳይቸገር አይቀርም።