«ሂንደር» ማለት «ከለከለ» ማለት ነው?

ባለፈው ሰኔ አንዲት ጎረቤቴ የልጇን የትምህርት ቤት ካርድ ይዛ ዐይኗ ቀልቶ መጣች። የመምህሩ አስተያየት በሚጻፍበት ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ የልጁ የእጅ ጽሕፈት ዕድገቱን «ሂንደር» እያደረገ ነው ይላል። ቃሉን ስልኳ ላይ ስትፈልገው «ከለከለ፣ አገደ» የሚል አገኘች። «ልጄን ከክፍል አስቀሩት» ብላ ነው የመጣችው። ካርዱን ተቀብዬ ሳየው ግን ከታች «ወደ 5ኛ ክፍል ተዛውሯል» ይላል።

ሂንደር ነገሩን ያዘገያል፣ ያከብዳል እንጂ የግድ አያስቆመውም። ጨርሶ ለሚያስቆመው እንግሊዝኛ «ፕሪቨንት» የሚል ሌላ ቃል አለው። ዝናቡ የመንገድ ሠራተኞቹን ሂንደር አደረጋቸው ከተባለ ጭቃ እየረገጡም ቢሆን እየሠሩ ነው፤ ፕሪቨንት አደረጋቸው ከተባለ ግን አካፋቸውን አስቀምጠው ተጠልለዋል። ቃሉ «ቢሃይንድ» (ከኋላ) ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፤ ከሥሩም ወደ ኋላ የማስቀረት ትርጉም አለው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ላለው «ጽሕፈቱ ወደ ኋላ እየጎተተው ነው» ብንል ልክ ይመጣል። «እንቅፋት ሆነበት»ም ጥሩ ነው፤ እንቅፋት የመታው ሰው አውራ ጣቱ ይደማል እንጂ መንገዱን አይተውም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ሊመጣ ፈልጎ እንደነበር በሚናገርበት ቦታ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ቃል ይጠቀማል። የአማርኛው ደግሞ «ሰይጣን ግን አዘገየን» ይላል።

አጻጻፉና አነባበቡ ላይም ስሕተት አይጠፋም። ግሱ ሂንደር እንጂ «ሃይንደር» ተብሎ አይነበብም። ስም ሲሆን «ሂንድራንስ» ነው፤ ያን ጊዜ የግሱ አምስተኛ የእንግሊዝኛ ፊደል «e» ይወድቃል፣ ብዙ ሰው ግን ሳይጥላት ይጽፋል። አንድን ሰው ከሥራው ሂንደር አደረገው ለማለትም «ቱ» ሳይሆን «ፍሮም» ይከተለዋል። እዚህ ላይ ትርጉሙ ወደ መከልከል ጠጋ እንደሚል አልክድም።

እንግሊዝ አገርና አሜሪካ ላሉ ወገኖቼ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «ኦብስትራክት» (ማሰናከል፣ ማደናቀፍ) የሚለው ነው። «ፖሊሱን አልነካሁትም፣ መንገድም አልዘጋሁበትም፤ ታዲያ ምኑን አሰናከልኩት?» የሚል ሰው ብዙ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ግን ቃሉን እንዲህ አጥብቦ አይረዳውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍርድ ያገኘ አንድ ጉዳይ አለ። ፖሊሶች በሌሊት አንድ መጠጥ ቤት ከተፈቀደለት ሰዓት በኋላ ይሸጥ እንደሆነ ሊያዩ መጡ። የባለቤቶቹ ልጅ ደጅ ላይ አያቸውና ወላጆቹ እንዲሰሙ ጮኾ አስጠነቀቀ። በሩ እስኪከፈት ጊዜ አለፈ። ፖሊሶቹ ሲገቡ ውስጥ ምንም ጥፋት አላገኙም፤ ልጁ ግን ጥፋተኛ ተባለ። ፍርድ ቤቱ የፖሊስን ሥራ ይበልጥ አስቸጋሪ ማድረግ በቂ ነው አለ። እጅም አላነሣም፣ በርም አልያዘም፤ ድምፁ ብቻ በቃ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የፍትሕን ሥራ ለማደናቀፍ መሞከሩ ራሱ፣ ባይሳካም፣ ሊያስከስስ ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ ዝም ማለት ሁሉ ማደናቀፍ እየመሰላቸው የሚደናገጡ አሉ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 እንደወሰነው፣ ሕግ የመመለስ ግዴታ ያልጣለበት ሰው ለፖሊስ ጥያቄ መልስ ባለመስጠቱ ብቻ አደናቀፈ አይባልም። ዝምታ አንድ ነገር ነው፣ ዋሽቶ ማሳሳት ሌላ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ግን «ሌት» ነው። ሁላችንም «ፈቀደ፣ ተወ» ብለን ተምረነዋል። የብሪታንያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የመጀመሪያ ገጾቹን ቢያነብ፣ ባለቤቱ «ያለ ሌት ወይም ሂንድራንስ» በነፃነት እንዲያልፍ የሚጠይቅ ሐረግ ያገኛል። አንድ ወዳጄ «ያለ ፈቃድ ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሩ። አንዱ መፍቀድ፣ ሌላው ማደናቀፍ ነበር፤ ይኸኛው መዘግየትን ከሚያመለክተው «ሌይት» ጋር ይዛመዳል። በዘመናት ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነና የማደናቀፉ ሌት ከዕለት ንግግር ጠፋ፤ በፓስፖርቱ ሐረግና በሜዳ ቴኒስ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል። ቴኒስ ላይ ኳስ ሲለጋ መረቡን ነክቶ ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ ዳኛው «ሌት» ይላል፣ ምቱም ይደገማል። «ኔት» የሚለው ተበላሽቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ግን ያው አሮጌው ቃል ነው፣ ኳሱ እንቅፋት ገጥሞታል ለማለት።

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም በሁለተኛ ተሰሎንቄ 2፥7 በዚህ ቃል ይጠቀማል። በዛሬ እንግሊዝኛ የሚያነበው ሰው «አሁን የሚፈቅድ አለ» ብሎ ይረዳውና መልእክቱ ይገለበጥበታል። በአማርኛ ያደገ አንባቢ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያው ጥቅስ ላይ «አሁን የሚከለክል» የሚለውን ሲሰማ ኖሯል።