ሮቡር ኦክን ስለመለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኩዌርከስ ሮቡር ብሎ የሰየመው የኦክ ዝርያ በአውሮፓ ደኖች ውስጥ በሰፊው የሚበቅል ዛፍ ነው። ዝናው ግን ከስህተት አላዳነውም፤ በተለይ ከቅርብ ዘመዱ ከኩዌርከስ ፔትራያ ጋር ደጋግሞ ይምታታል።

«የቅጠሉ ጠርዝ ወጣ ገባ ካለ ሮቡር ነው።» ይህ በጣም የተስፋፋና በጣም የሚያሳስት አመለካከት ነው። ወጣ ገባ ጠርዝ የሁለቱም ዝርያዎች የጋራ ባሕርይ ከመሆኑም በላይ፣ በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ ፀሐይ ያገኘውና በጥላ ያደገው ቅጠል በስፋትም በውፍረትም ይለያያሉ። መታየት ያለበት የቅጠሉ ግርጌ ነው። የሮቡርን ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ጫፍ የታጠፉ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ይታያሉ። የፔትራያ ዘንግ ግን 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲረዝም፣ የቅጠሉ ግርጌ ወደ ዘንጉ እየጠበበ ይወርዳል። ቅጠሉን ገልብጦ በአጉሊ መነፅር ለሚመረምር ሰው ደግሞ ተጨማሪ ማስረጃ አለ፦ በፔትራያ ቅጠል ጀርባ፣ በመካከለኛው ጅማት ዳርና ዳር፣ ኮከብ የሚመስሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ሲኖሩ የሮቡር ጀርባ ፀጉር አልባ ነው ለማለት ይቻላል።

«የቅጠሉ ዘንግ አጭር ከሆነ የፍሬውም አጭር ነው።» እውነታው ተቃራኒው ነው። የሮቡር ፍሬ በርካታ ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፤ የፔትራያ ፍሬ ግን ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ይመስላል። ፍሬ በተገኘበት ወቅት ከዚህ የተሻለ መለያ የለም።

«በቅርንጫፉ ላይ ያለው ድቡልቡል ነገር ሁሉ ፍሬ ነው።» እውነተኛው ፍሬ ሞላላ ሲሆን፣ ግርጌውን ቅርፊታማ ኩባያ ያቅፈዋል። ኩባያ የሌላቸውና እንደ ብይ ድቡልቡል የሆኑት ጠንካራ ነገሮች ግን ጥቃቅን ተርቦች እንቁላላቸውን በእምቡጡ ውስጥ ሲጥሉ ዛፉ የሚያበቅላቸው እብጠቶች ናቸው። ያረጀ እብጠት ላይ የሚታየው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ተርቡ በስቶ የወጣበት ነው። እብጠቱ በሁለቱም ዝርያዎች ላይ ስለሚገኝ ለመለየት አይረዳም።

«ኦክ አያብብም» የሚባለውም ስህተት ነው። በፀደይ፣ ቅጠሉ ሲፈነዳ፣ ወንዴ አበቦቹ በተንጠለጠሉ ቢጫማ አረንጓዴ ዘለላዎች ይወጣሉ፤ ሴቴዎቹ በዚያው ዛፍ ላይ ቢሆኑም እጅግ ትንንሽ በመሆናቸው አይስተዋሉም። ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ስለሆነ ነፍሳትን የሚስብ ደማቅ ቀለም አላስፈለጋቸውም።

በመጨረሻም «ዛፉ ከሁለቱ አንዱ መሆን አለበት» የሚለው አስተሳሰብ ጥንቃቄ ይሻል። ሁለቱ ዝርያዎች ስለሚዳቀሉ አጭር ዘንግና የጠበበ ግርጌ፣ ወይም ረጅም ዘንግና የጆሮ ቅርጽ በአንድ ቅጠል ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ከተለያዩ ቅርንጫፎች ብዙ ቅጠሎችን፣ ከተቻለም ፍሬውን ጨምሮ መመልከት ያስፈልጋል፤ ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ከተቃረኑ ዛፉን በግድ ወደ አንዱ ከመመደብ ይልቅ ድቅል ሊሆን እንደሚችል መመዝገብ ይሻላል።