ማጀቢያ ሙዚቃ ልብ የሚነካው እንዴት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ አጭር ድራማ፣ ዘጋቢ ፊልም ወይም የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሁሉ ኤዲቲንግ ላይ ሲደርስ የሚሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ የሚያሳስቱትም ለዚሁ ነው።

«ሙዚቃ ምስሉ ላይ ያለውን ስሜት ያጎላል እንጂ አይቀይርም»

ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ በየምሽቱ የሚቀረጸውን የጅብ ማብላት ይውሰዱ። የባጃጅ መብራት፣ በእንጨት ጫፍ የተንጠለጠለ ሥጋ፣ ከጨለማው ብቅ የሚል ጅብ። ከሥሩ ዝቅ ያለና የማይቋረጥ የቼሎ ድምፅ ቢገባ ሰውዬው ሞትን የሚዳፈር ይመስላል። አንድም ካት (ምስሉ የተቆረጠበት ቦታ) ሳይነካ በክራር ቀለል ያለ ምት ቢታጀብ ደግሞ ጎረቤቱን እራት የጋበዘ ይሆናል። ከሩቅ የመጡ ቀራጮች ብዙውን ጊዜ ቼሎውን ይመርጣሉ። በዓሹራ ለጅብ ገንፎ በሚቀርብበት፣ ጅቡም በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ሌሊቱን ቆሻሻ ሲለቅም በሚያድርበት ከተማ ላደገ ተመልካች ግን ያ ሙዚቃ የሚነግረው ስለ ቀራጩ ፍርሃት ነው።

ሙዚቃ ሲመርጡ አንድ 40 ሰከንድ ምስል በሦስት ዓይነት ሙዚቃ ያዘጋጁና ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያሳዩ። «ወደድከው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ይበሉት። የሚፈልጉትን ታሪክ የሚያስገምተው ሙዚቃ እሱ ነው።

«አሳዛኝ ቅኝት ያስለቅሳል»

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚሁ አምስት ድምፆች በሌላው ዓለም የልጆች መዝሙር ይዘመርባቸዋል። እኛን ሆድ የሚያስብሰን አብሮት ያደግነው ግጥምና የዘገየ አዘፋፈን ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ በአንድ ሰፈር በሚሰማባት ድሬዳዋ ደግሞ ሁሉም ተመልካች በአንድ ዘፈን ይተክዛል ብሎ መገመት አያዋጣም። ቅኝቱን ከመቀየር በፊት ፍጥነቱን መቀነስ፣ መሣሪያዎቹንም ወደ አንድ ማውረድ ይቀድማል።

«ሙዚቃ የሌለበት ትዕይንት ባዶ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ጆውስ» የተባለ ፊልም ሻርኩን አስፈሪ ያደረገበት ዋናው መሣሪያ ጆን ዊሊያምስ የደረሰው ባለ ሁለት ድምፅ ሐረግ ነው፤ ሚ እና ፋ፣ እየፈጠኑ። ሰው ሠራሹ ሻርክ በቀረጻ ላይ ደጋግሞ ስለተበላሸ ሙዚቃው ተተካለት። ታዲያ ሁለት ልጆች የሻርክ ክንፍ የሚመስል ካርቶን ይዘው ሰዉን በሚያሸብሩበት ትዕይንት ያ ሙዚቃ የለም። ፊልሙ ተመልካቹን አልዋሸም፤ ስለዚህ ሙዚቃው ሲመለስ ይታመናል። በየትዕይንቱ «አስደንጋጭ» ድምፅ የሚደረድር ድራማ ይህን እምነት ገና በ10ኛው ደቂቃ ያባክነዋል።

ተቃራኒውም አለ። በ1960ው «ሳይኮ» ፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ የሻወሩ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ለገመድ መሣሪያዎች ብቻ ጽፎ አሰማው፤ ዳይሬክተሩም ሐሳቡን ቀየረ። ያ የቫዮሊን ጩኸት የሚያደነግጠው ግን ከእሱ በፊት የሚሰማው የውኃ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ነው።

«ጥሩ ሙዚቃ የትም ቢገባ ይሠራል»

እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። አንዲት ሴት አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆማ ሙዚቃው ከጀመረ በ14ኛው ሰከንድ ፊቷን ታዞራለች እንበል። በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ፣ ባሩ (ምቶቹ የሚቧደኑበት ክፍል) አራት ምት በሆነ ሙዚቃ ያ ቅጽበት 4ኛው ባር፣ ሦስተኛው ምት ላይ ይወድቃል፤ ዜማው ገና ሊያርፍ አልደረሰም። 5ኛው ባር መጀመሪያ ላይ እንዲያርፍ 16 ምት በ14 ሰከንድ ማለቅ አለበት፦ 16 ÷ 14 × 60 = 68.57። ቴምፖውን (በደቂቃ ያለውን የምት ብዛት) እዚያ ላይ ማድረግ በቂ ነው፤ ዜማው አይነካም።

በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚቀርጽ ሰው 1500ን ለቴምፖው ቢያካፍል አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚወስድ ያገኛል፤ 100 ከሆነ 15፣ 75 ከሆነ 20። በ24 ለተቀረጸ 1440 ነው። ፕሮጀክቱ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ ሳያረጋግጡ መሥራትና ሙዚቃው ከገባ በኋላ ምስሉን እንደገና መቁረጥ ሁለቱ ትልልቅ ጥፋቶች ናቸው። አንድ ሰከንድ ሲቆረጥ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። በሐዘን ትዕይንት ደግሞ ድምፁ ልክ ካቱ ላይ ሲወድቅ እንደ ካርቱን ያስመስለዋል፤ ከ4 እስከ 8 ፍሬም ቢዘገይ ዓይን ቀድሞ አይቶ ጆሮ ይከተላል።

ሙዚቃ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሠራል የሚባለውም እውነት አይደለም። በ1968 በወጣው የዳይሬክተር ሰርጂዮ ሌዮኔ ዌስተርን (የካውቦይ ፊልም) የሙዚቃ ደራሲው የኤኒዮ ሞሪኮኔ ዋና ዜማዎች ከቀረጻ በፊት ተዘጋጅተው ቀረጻው ላይ ይከፈቱ ነበር፤ ተዋንያኑ የሚራመዱት በእሱ ነው።

«የአገር ስሜት ከተፈለገ ማሲንቆ ይግባ»

ማሲንቆ በሰው ድምፅ ክልል ስለሚጫወት ንግግር ላይ ሲገባ ከተዋናዩ ጋር ይጋፋል፤ ቃላቱ ሲያልቁ ቢገባ ይሻላል። ሐረርን በደገኛ ማሲንቆ ማጀብም ለሐረር ሰው እንግዳ ነው። ዚክሪ የሚባለው የሐረር ሙስሊሞች ዝማሬ ደግሞ ሃይማኖታዊ ነው፤ ለገበያ ትዕይንት ማሟያ አይደረግም። ቦታውና ሙዚቃው የግድ አንድ አገር ይሁኑ የሚል ሕግም የለም፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በ2005 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄድ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ ያለ ችግር ገብተዋል።

«ድምፁ ከፍ ሲል ስሜቱም ከፍ ይላል»

ከንግግር ሥር ያለ ሙዚቃ ከንግግሩ ከ12 እስከ 18 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ይበቃዋል። የድሬ ችግር ሌላ ነው፦ ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ቬንትሌተር ይከፈታል፣ ጉምጉምታው ዝቅተኛውን ድምፅ ይሸፍናል፣ ሠሪው ቤዙን ይጨምራል፤ ፊልሙ ሌላ ቦታ ሲከፈት ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ሚክሱን በማለዳ፣ ቬንትሌተር ጠፍቶ መጨረስ ነው። በመጨረሻም በስልክ ድምፅ ማጉያ ይሰማ። ስልክ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያሰማ ዋናው ዜማ በቤዝ ብቻ ከተያዘ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ በሌላ መሣሪያ ይደገም።